የነጥቧ ቦታ

ስምንተኛ "ለ"። ደብረ ሲና። ሰኔ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤
ጉሙ በተሰበረው መስኮት ገብቶ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይማራል።
ሚስተር ናውቲያል፣ ሹራቡ እስከ ክርኑ ጠመኔ የጠገበ፣
ሁለት መስመር ጣለ፤ አንዱን አቆመና፣ አንዱን አጋደመና፣ አሰበ።

"ይህ ወር ነው። ይህ ዝናብ። ይህች ነጥብ እናቴ፤
ሰባ ሁለት ዓመቷ። ተራራ ልትወጣ ነው። ምከሯት፣ በሞቴ።"
ዘበኛው ሽብሩ ነው "በሞቴን" ያስተማረው፤
በየቀመሩ ጫፍ፣ በየክፍልፋዩ፣ እንደ ጨው ጨመረው።

በአገሩ፣ በሰሜን፣ በረዶ ዓመቱን በሚከርምበት፣
የሺቫ ቤት አለ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ፤ ወንዝ የሚጮህበት።
በሩ ሚያዝያ ሲያልቅ ይከፈታል፣ ጥቅምት ሲጋመስ ይዘጋል፤
ከዚያ ወዲያ በረዶው ብቻውን ይሳለማል፣ ብቻውን ያድራል።

ጥላዬ ከመዘዞ እጁን አወጣና "ጥቅምት ነው" አለ፤
"ዝናቡ የቆመ፣ መንገዱ የጠና፣ ጭቃው የኮበለለ።"
"ውርጩስ?" አለች አልጣሽ፤ "አምና ባቄላችንን ያነደደው?
አሮጊት ናት እኮ፤ ጣቷን ቢቆርጣትስ፣ ሌሊት የወረደው?"

ኢድሪስ ከሸዋ ሮቢት፣ ቆላ የለመደ፣
"ግንቦት!" ብሎ ጣለ፤ ክፍሉ በሳቅ ነደደ።
በግንቦት እነሱ ጋ ግመል ራሱ ጥላ ይፈልጋል፤
"ለዚያ ነው" አለ እሱ፣ "ሰው ወደ በረዶ የሚሸሸው ያኔ ነው፤ ይገባል።"

እኔ "መስከረም" አልኩ። ምክንያቴን ጠየቀኝ። ምክንያት አልነበረኝም፤
የጣርማ በር ገደል ታጥቦ ታየኝ እንጂ፤ ይህን ደግሞ ለሒሳብ መምህር አይነግሩትም።

ሁሉንም ጻፈልን። ሁሉንም በየተራ ሰረዘ።
ግንቦት ወረፋ ነው። ጥቅምት ብርድ ነው። መስከረም ላይ ሲደርስ ጠመኔውን ያዘ፣
"ጥሩ ወር ነው" አለ፤ "ግን ትምህርት ይጀመራል፤ ክንዷን ማን ይይዛል?
የኔ ዕረፍት ሐምሌና ነሐሴ ነው። እዚያም ክረምት ነው። ተራራው ይናዳል።
በዚያ ወር የሚወጣ፣
ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ የሚያጣው ያጣ።"
ደወል ተደወለ። ሰሌዳውን ሳያጠፋ ወጣ።

ያን ክረምት አልሄደም። የትኬቱ ብር ለእህቱ ሠርግ ዋለ።
ነሐሴ ሁለት ቀን፣ ከአጎቴ ፖስታ ቤት፣ ደብዳቤ በእጄ ደረሰው፤ ጠርዙ የበከለ።
ደጃፉ ላይ ከፈተው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው፣
በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ሰሃን ይዞ፣ ቃል ሳይወጣው፣
ዘለግ ያለ ጊዜ ቆየና፣ "መርጣለች" አለኝ፤ "ሳዋንን።
የዝናቡን ወር። የሺቫ ወር ነው፤ እኔ የሰረዝኩትን።"

"ሰማይ ሲጠራ ለእግሬ ይበጃል" ትላለች፤ "ለእሱ ግን ምን ልስጠው?
ቀሚሴ ሳይርስ፣ ጉልበቴ ሳይዝል ደርሼ፣ በምን ፊቴ ልለምነው?"

በፊታችን፣ በአስፋልቱ ዳር፣ ላስቲክ የተከናነቡ፣ ጫማ በእጅ የያዙ፣
ሽንብራ በኪሳቸው፣ ሽቅብ ወደ ገዳሙ፣ ለፍልሰታ የሚጓዙ።
እናቴም አለችበት። በየዓመቱ "ጥር አለልሽ፣ ምን አስቸኮለሽ?" እንላታለን፤
እሷም በየዓመቱ "እሺ" ትለናለች፤ ትወጣለች ጥላን።

ጃንጥላውን ዘረጋ። ምንም ሳይለኝ ከኋላቸው ገባ።
ከግቢው በር ሲደርስ ቆመ። ጫማውን አወለቀ። ወደ ውስጥ አልገባ።
ካልሲው ተረከዙ ላይ በሌላ ቀለም ክር ተጠቅሟል፤
ጃንጥላው ታጥፎ፣ በአጥሩ ተደግፎ፣ እሱ ግን ይረጥባል።

ከቅዳሴ ስትወጣ እናቴ አየችው። ሽንብራዋን አካፈለችው።
"እናትህ ደረሰች?"
"አላውቅም" አላት። "በሞቴ።"
ሌላ ቃል አጣች፤
ጋቢዋን ጨምቃ ትከሻው ላይ ጣለች።

ሁለተኛው ደብዳቤ ሲመጣ አጎቴ ወደ ሞላሌ ተዛውሮ ነበር፤
መጥቶ ከሆነም እንጃ። እኛም አልጠየቅነው። እሱም ነገር አይጀምር።

መስከረም ሲከፈት ሰሌዳው እንዳለ ነው፤ የወራቱ ሰልፍ፣ የኔም ወር ተሰርዞ፤
ነጥቧ ብቻ የለችም ከታች። ቀና ስንል፣ አየናት፣
ዝናቡ ጫፍ ላይ፣ ነሐሴ አናት፣
በጣት ተጨምቃ፣ ጠመኔዋ ወዝቶ።