ንጉሡ ሠ

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ካለቀበት፣
ልስን ያልነካው ብሎኬት ከተከመረበት፣
ባጃጅ አራገፈኝ ከሦስት አሮጌ ኮምፒውተር ጋር።
ባንክ የጣላቸው ናቸው። የአንዱ ማራገቢያ ያጓራል፤
አንዱ ሰዓት ጠፍቶበት
ጠዋትም ማታም እኩለ ሌሊት ይላል።

ቆርቆሮው አዳራሽ ውስጥ ሦስት የቅኔ መምህራን
ጠበቁኝ ተደርድረው፣ እንደ ፈተና ቀን።

«ሊኑክስ ይባላል» አልኩ፣ «ፈቃዱ አይሸጥም፤
ቫይረስም እንደዚያኛው አይፈነጭበትም።»
ዝም።
«ድርሰቱ የማን ነው?» አሉ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን።
«የብዙ ሰው ነው፤ አንዱ የጻፈውን
ሌላው አርሞ ያወጣዋል፤
ውስጡን ማየት፣ መቅዳት፣ ማደልም ይፈቀዳል።»
«መቅዳት?» ግንባራቸው ተቋጠረ፤
«እኛ ቤት ሌባ ነው፣ የሰው ቅኔ ለነገ ያሳደረ።»
የኔታ ኅሩይ ከጥግ፣ ሳላቸውን ውጠው፣
«ቅኔውማ አይቀዳም። ግሱስ ከማን መጣ? አገባቡስ የማን ነው?
መሪጌታ፣ እርስዎስ ግስ ሳይቀዱ
በምን ዘረፉ ቅኔ?»
ሳቁ። ወንበር የተሳበው ያኔ ነው፣ ለእኔ።

መብራት ሄደ፣ መጣ። ስለ ዋጋ አልጠየቁም፣ ስለ ፍጥነትም፤
«ፊደል ይለያል?» ነው ያሉኝ፣ ሌላ ነገር የለም።
ኤስን አንዴ መታሁ፣ እሳቱ ሰ መጣ፤
ደግሜ ስመታው ንጉሡ ሠ ወጣ።
ሃሌታው ከሐመሩ፣ ብዙኃኑ ከሁለቱ
ተለይተው ሲቆሙ በየቤታቸው፣
ሽማግሌ እንዳይመስላችሁ፤ የልጅ ነበር ፊታቸው።

ቀጥሎ የይለፍ ቃል። ሊቀ ጠበብት ፍሥሐ ጽዮን
በአንድ ጣት፣ በዝግታ፣ ረጅም ነገር ጻፉ።
መስኮቱ ጥቁር ነው።
«ጻፍኩ፣ አይታይም። ፊደሎቼ የት ጠፉ?»
«አልጠፉም፤ ማሽኑ ያውቃቸዋል፣ ለዓይን ነው የከለከለ።»
«አሃ! ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ብቻ ተቀበለ።»
«በጣም ረዘመ ግን…»
«ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ።»
«እንዳይረሱት» አልኳቸው።
ሦስቱም ዞረው አዩኝ።

ሲመሽ የርክክብ ቅጹን ሞላሁ፣ ከታች ስሜን ጻፍኩ።
መሪጌታ ጎንበስ አሉ፣ መነጽራቸው በክር የታሰረው።
«ይህቺ ማን ናት?»
«እኔ ነኛ።»
«አይደለሽም።»
ማጥፊያውን ፈለጉ። ቆዩ። አገኙት።
በአመልካች ጣት፣ ትኋን እንደሚገድል ሰው፣
ኤስ። ኤስ።
ሥምረት።
«ሠምረ፣ ወደደ፣ ፈቀደ» አሉ የኔታ ከጥግ፣ ሳይነሡ፤
«በንጉሡ ነው የሚጻፍ። በእሳቱማ ምንድን ነው እሱ?»

መታወቂያዬ ላይ፣ ዲፕሎማዬ ላይ፣
በክትባት ካርዴ፣ በሠርግ ጥሪዬ ላይ፣
ሃያ ዘጠኝ ዓመት እሳት ላይ ተጥጄ
ማንም አላየኝ፤ እኔም አላየሁ ወድጄ።

ባጃጁ ጥሩምባ ነፋ። ኮምፒውተሩ እኩለ ሌሊት ይላል፤
ደጅ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አቧራው ቀልቷል።
ካቻቪቴዬን መርሳቴን ያወቅሁት
ቃሊቲ ስደርስ ነው።