የማዕዘኑ ፊት

የመጠለያው ቁልፍ በእኔ እጅ ነው ያለ፤
አስፈርመው ሰጡኝ፣ ዓመት በዓመት ላይ እየተቆለለ።
ሳይረን ሲጮህ ልከፍት፣ ዝም ሲል ልጠርግ፣
ሥራዬ ይኸው ነው፤ ሥዕል ለእኔ ቢጤ ምን ሊያደርግ?

ክርያት ጋት፣ በስተጀርባ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፣
ግንቡ ግራጫ ነበር፣ በጎረምሳ ስድብ ተዥጎርጉሮ፣ በፀሐይ ነዶ።
እዚያ ግንብ ሥር ነው
ጋሽ ጀንበሩ ከሰል ይዞ የቆመው።
ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣ መሰላል አይወጣ፤
ጉልበቱ ከድቶታል፣ እጁ ግን መስመሯን አንድ ቀን አላጣ።

ያመጣችው ኖፋር ናት፣ ኮምፒውተር የተማረችው፣
አማርኛዋ ግማሽ፣ ሳቋ ሙሉ የሆነችው።
እሱ በወረቀት ይነድፋል፤ እሷ በታብሌት ታነሳለች፤
ሲመሽ በፕሮጀክተር ግንቡ ላይ ትጥላለች።
ሩሲያዊቷ ነርስ፣ የሞሮኮው ዳቦ ጋጋሪ፣ የትምህርት ቤቱ ልጅ፣
የብርሃኑን መስመር ይከተላል በብሩሽ፣ በጣት፣ በሙሉ እጅ።
ቀለሙን ግን እሱ ነው የሚበጠብጥ፣
በእንቁላል አስኳል፣ ከለኪሶ ኮረብታ ባስመጣው አፈር፤
«የቆርቆሮ ቀለም፣» ይላል፣ «ደም የለው፤ ቢመቱት አይደነግጥ።»

ሥዕሉ መንገዱ ነው፤ ከአርማጭሆ ወርዶ ሱዳን የሚገባ፤
ሌሊት የሚሄድ ሰው፣ አህያ፣ የውሃ ቅል፣ ሕፃን ያዘለች እናት፣ በግራር ተከባ።
ስልክ ሲዞርባቸው ይናገራሉ። ኖፋር ቤት ለቤት ዞራ፣
ድምፃቸውን ቀድታ ከየፊቱ ኋላ አስቀምጣለች፣ በተራ፣ በተራ።
ወይዘሮ ትርንጎ የገዛ ድምፅዋን ሰምታ
«ይቺ ሴትዮ ውሸታም ናት፣» አለች፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ገትታ።

የጥንት ሕግ ነው፤ ደግ ሰው በሁለት ዓይን ይሳላል፤
ክፉ ግን በጎኑ፣ ባንድ ዓይን ይቀራል።
ሽፍታው፣ ኬላ ጠባቂው፣ ብር በልቶ የጠፋው መንገድ መሪ፣
ሁሉም ባለ አንድ ዓይን፣ ሁሉም ጎኑን ሰጪ፣ ሁሉም ተጠርጣሪ።
ካሜራው አላያቸው፤ «ፊት አልተገኘም» አለ።
«እቃውም ሕግ ያውቃል!» ብሎ ጋሽ ጀንበሩ
ጭኑን እየመታ ሲንከተከት ዋለ።

ሐሙስ ማታ ታዲያ፣ ሰው ሁሉ ተበትኖ፣
ልዘጋ ስመጣ አየሁት፣ ከግንቡ ጫፍ፣ ብቻውን ሆኖ።
አንድ ሽማግሌ ይስላል፣ በጎኑ፣ ባንድ ዓይን።
አፍንጫውን አወቅሁት። ጠባሳውን።
ራሱን።

«ምነው ጋሽ ጀንበሩ?»
ብሩሹን ጠረገ። ደግሞ ጠረገ።
«ታናሼ እንግዳው፣ በሦስተኛው ሌሊት፣ እግሩ እምቢ አለ።
‹ውሃ ይዤ ልመለስ› አልኩት።
ውሃውን አገኘሁ።
አልተመለስኩም።»

በማግስቱ ኖፋር ስልኳን ደቀነች፤ ፊት አልተገኘም።
«አባባ፣ ሌላዋን ዓይን ረስተሃታል፣» አለችው።
«አልረሳኋትም።»
አልተከራከረችም፤ ግንቡን እስከ ጥጉ ዳሰሰችው።

እሁድ በማለዳ ማዕዘኑን ስዞር፣ በዚያኛው በኩል፣
ባዶ በነበረው ግንብ ላይ አንዲት ዓይን፤ አስኳሏ ያልደረቀ፣ የተጣመመ ኩል።
የጀማሪ እጅ ነው፤ ከአቻዋ ትንሽ ትበልጣለች።
ከፊት የቆመ ሰው ሁለቱን አያይም፤
ማዕዘኑ ላይ፣ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ፣
አንድ እርምጃ ያፈገፈገ ብቻ ሙሉ ሰው ያገኛል።

ጋሽ ጀንበሩ መጣ፣ እርጥብ ጨርቅ ይዞ።
ሊያጠፋት ነው ብዬ ቁልፌን ጨበጥኩ፣ እጄም ደንዝዞ።
ጨርቁን ጨመቀና ከሥሯ የተንጠባጠበውን ጠረገላት።
«ሽፋሽፍቷ በዛ፣» አለ። ሌላ ቃል አልወጣው።

ካሜራው እንደ ብርሃኑ ነው፤
አንዳንዴ ያገኘዋል፣ አንዳንዴ ያጣዋል።
ሲያገኘውም አይናገርም፤
ውሃ በቅል ሲቀዳ ይሰማል ብቻ።

የውሃውን ነገር ማን ነገራት?
እኔን አትጠይቁኝ፤
እኔ የያዝኩት የመጠለያ ቁልፍ ነው።