የአንጓች ስሕተት

ብቸና፣ ሰኔ ነው። ቆርቆሮው ይጮኻል፣
ድምፄን ከአፌ ላይ ዝናብ ይነጥቃል።
ባጠረች ጠመኔ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩኝ፣
የሚመሳሰሉ ሦስት ግሦች ደረደርኩኝ፦
«‹ሲ› ማለት ማየት ነው፣ ሳይሹት ሲመጣ፤
‹ሉክ› ግን መመልከት፣ ዓይን አስቦ ሲወጣ፤
‹ዋች› የሚሄደውን በዓይን መከተል፣
አይሱዙ ታጥፎ በአቧራ እስኪከለል።»

ከኋላ ወንበር ላይ አንጓች እጅ አወጣች፦
«ቲቸር፣ የወንድሜ ስም በየትኛው ነው?» አለች።
«ስሙ ማን ይባላል?»
«ልየው።»
ክፍሉ ዝም አለ ድንገት።
ለአገሩ እንግዳ ነኝ፤ የእጄን ጠመኔ አራገፍኩ፣
«ስም አይተረጎምም» ብዬ አለፍኩ።

ፈተና ሳርም ሌሊት፣ መብራቱ ጠፍቶ፣
በስልኬ ብርሃን፣ በቀይ እስክሪብቶ፣
‹ሪሜምበር›፣ ‹ሪማይንድ›፤ የሰኔ ጥያቄ፣
እኔው ያጠመድኩት፣ ወጥመዱን አውቄ።
በእኛ አፍ ሁለቱም አንድ ጎጆ አላቸው፣
‹ማስታወስ› ይባላል የጋራ ስማቸው።
በፈረንጅ አፍ ግን ጎጆ ተካፍለዋል፤
አንዱ የገዛ ልቡን ከፍቶ ይገባል፣
ሌላው በሰው ደጃፍ ቆሞ ያንኳኳል።

የአንጓች ዐረፍተ ነገር፣ በዘመመ ፊደል፦
«አይ ሪማይንድ ልየው»
ይኸው ነው። ነጥብ እንኳ የለውም።
ግሡን አሳስታለች። ኤክስ። ዜሮ። ቀጥል።

ካርድ የሚሰጥ ለት እናቷ መጣች፣
ነጠላ አዘቅዝቃ በሩ ላይ ቆመች።
ጥበቃው ጋሽ ይታይህ ሹክ አሉኝ ጠጋ ብለው፦
«ረዳት ነበር፣ አይሱዙ ላይ። አባይ በረሃ ነው የቀረው።»

አንጓች ካርዷን አየች፤ አልፋለች፤ ፈገግ አለች፣
የፊት ጥርሷ ፍንጭት ብልጭ ሲል እናት ደነገጠች።
«ቁርጥ እሱን!» አለች፤
ለልጇም፣ ለእኔም፣ ለማንም አይደለም፤
ዓይኗ ከግድግዳው ዳግም አልተነቀለም።

ለካ አልሳተችም። ስቃ ብቅ ባለች ቁጥር
ታንኳኳለች፣ በየቀኑ፣ በእናቷ በር።
«ልየው፣ ልየው» ለሚል ዓይን
የቱ ግሥ ይበቃው ነበር?

ኤክሱን ሰረዝኩና አንዷን ማርክ መለስኩ፤
ወደ ቢሮ ሮጥኩኝ፣
ሮስተሩ ታሽጎ፣ ማኅተም አርፎበት ደረስኩ።