አርባ አንድ ሃያ ሰባት

ሌሊት፣ ባሕር ዳር። መብራት ሄዶ መጣ፤
ሰርቨሩ በባትሪ አቃስቶ፣ ከጠረጴዛው ሥር ትኩስ ትንፋሽ አወጣ።
የዓሣ ማኅበር ቢሮ፤ አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፤
ማዶው ጣና ነው፣ ከደንገሉ ሹክሹክታ በቀር ድምፅ የሌለበት።

አንድ ሂደት ተንጠልጥሏል፤ አይሠራ፣ አይሞት።
ከዝርዝሩ ላይ ቁጥሩን አይቼ መዳፌ ላይ ጻፍሁት፦
አርባ አንድ ሃያ ሰባት።

ሻማ ልጠይቅ ወጣሁ። ከዘበኛው ጋር ቆየን፤
ስለ እምቦጩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለሚርቀው የደመወዝ ቀን።
ስመለስ መዳፌን ገለጥሁ፣ አነበብሁ፤
‹ግደል› ብዬ ከጎኑ ቁጥሩን ጻፍሁ፤
ቁልፉን ተጫንሁ።
ሞተ። ጥሩ። እጄን ታጠብሁ።

እኔ ደጅ ሳወራ ግን፣ ያ የተንጠለጠለው
በራሱ ጊዜ ወድቆ ነበር፤ ማንም አላየው።
ማሽኑ በዚያች ሌሊት ሺህ አጭር ዕድሜ ወልዶ፣ ሺህ ሸኝቶ፣
የቁጥሩ ቀለበት ዞሮ ከመነሻው ተገናኝቶ፣
የሟቹን ቁጥር አንሥቶ
ለአዲስ መጤ አስረከበ። ቁጥር ርስት አይደለም።
መጤው ከወደቡ የምሽቱን ሚዛን እየለቀመ
ሲከትብ ነበር፤ ከአንድ አኃዝ መሃል ቆመ።

ጠዋት እማዋይሽ መጣች፣ ነጠላዋ የዓሣ ቅርፊት እንደ ለበሰ፦
«ሠላሳ አንድ ኪሎ ቀረሶ፣ ሁለት አምባዛ... የት ደረሰ?»
ስክሪኑን አየሁ። አየችኝ። ቁጣ አልነበረም በፊቷ፤
«ዓሣው ይበላ፣ ደንብ ነው። ቁጥሩም ተበላ?» አለችኝ፣ ዝቅ ባለ አንደበቷ።

ከሰዓት ወደ ታንኳዎቹ ወረድሁ፣ ጋሽ ይመር ወዳሉበት።
እያንዳንዱ ታንኳ ቆርቆሮ አለው፣ ቁጥር የተመታበት፤
ታንኳው ውኃ ጠጥቶ ሲበሰብስ፣ ቆርቆሮው ተነቅሎ
በአዲሱ አፍንጫ ላይ ይቀመጣል ተንጠልጥሎ።
«ሰባት ቁጥርን ይጥሩልኝ» ስላቸው፣ ሳቁ ሳል እስኪይዛቸው፦
«የቱን ሰባት? የአምናው ብስባሽ ሆኗል፤ የዘንድሮው የልጄ ነው።
በቁጥር ጠርተህ ድንጋይ ብትወረውር፣ ግንባሩን ነው የምትፈነክተው።»

እግራቸው አውራ ጣት ላይ ቀጭን ገመድ ተጠምጥሟል፤
ጫፉ ሸምበቆው ውስጥ ገብቶ ከዓይን ተሰውሯል።
«ታንኳው የት እንዳለ አላውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅብኝ፤
ሲጨርስ ይስበኛል። እስኪስበኝ እተኛለሁ፣ ምን ገዶኝ!»
«ቢሰጥምስ?»
«ገመዱ ይረግባል እንጂ የሌላ ሰው ታንኳ አይሆንም።»

ያን ሌሊት ትእዛዙን ፈታሁ፣ እንደገና ጠለፍሁ።
ልጁ ሲወለድ፣ ገና እትብቱ ሳይደርቅ፣ እጀታውን ተቀበልሁ፤
ቆይቶ በቁጥር ፈልጎ መያዝማ ያው የሻማው መንገድ ነው፣
ሰው ደርሶ እስኪመለስ ሌላ ነው በሩን የሚከፍተው።
አሁን ‹ቁም› የምለው በያዝሁት ገመድ ነው፤
የሞተ ከሆነ ‹የለም› ይለኛል፣ ባለቤት አይለውጥብኝም።
መርዶውም ይደርሰኛል፤ ልጁን እኔ ካልቀበርሁ
ቁጥሩ ከዝርዝሩ አይፋቅም፣ ሬሳው ደጅ ያድራል፤ ይህንም ተማርሁ።
ገመድም ሲበዛ እጅ ያስራል። ከንጋት በፊት አንድ በአንድ
ፈታሁ፣ ዘጋሁ።
አሥራ ሁለት ነበሩ፤ አሥራ አንዱን አገኘሁ።
አንዱ የት እንዳለ እንጃ።

የእማዋይሽን ኪሎ በወረቀት ጻፍሁ፣ እሷ እንዳለችው፤
ሠላሳ አንድ ነው? ሠላሳ ሦስት? አሁን እሷም ጠርጥራው
ትስቃለች።

መዳፌ ላይ ያለው ቀለም፣ ስንቴ በሳሙና ባሸው፣
አልለቀቀም። ሰባቱ ብቻ ከአናቱ ደብዝዞ
ቆሟል፣ አንድ መስሎ።