አገር አልሰጥም

ጓንት ልገዛ ገብቼ ኤሊስ ጎዳና ላይ፣
ጥር ነው፤ ዊኒፔግ ነው፤ ቀልድ የለም ከሰማይ፤
ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ቤት፣
ጥንድ ያጡ ጫማዎች ከሞሉት ቅርጫት
ሥር አገኘኋት፤ አንዲት ግራጫ ካሴት።
ሥዕሏ ተልጦ፣ ስሟ ተፍቆ አልቆ፣
የቀረው ጃርት ነው፣ እሾሁን ታጥቆ።
“ሁለት ዶላር” አለች ቀና ሳትል ሻጯ፣
“ደብተሩም አብሮ ነው፤ እንዲያ ነው አመጣጧ።”
ጓንቱን ረስቼው ወጣሁ።

ከምድር ቤት ያን ጀርባ ጎባጣ ቲቪ ጎትቼ፣
እፍ፣ እፍ ብዬባት፣ አቧራዋን አራግፌ፣ ሰክቼ፣
ጠበቅኩ። በራ።
ጃርቱ ቆሟል ጎተራ ውስጥ፣ ሰማንያ ክፍል ባለው ጎተራ።
ሕጉ አንድ ነው፦ የረገጥከው ጡብ ይናዳል፤
ሁሉን ረግጠህ፣ አንዱን ሳትደግም፣ ያኔ በሩ ይከፈታል።
ብትሳሳት ጃርቱ አይሞትም።
ቁጭ ይልና ያይሃል፤ ዓይኑን እንኳ አያርገበግብም።

እስከ አሥረኛው ክፍል የልጅ ነገር ብዬ ናቅኩ፤
አሥራ አንደኛው ላይ ሁለት ሌሊት ወደቅኩ።
በአውቶቡስ ጋራዡ ሽቦ ስከተል፣ ሽቦ ስቀጥል አድሬ፣
ከነቡትስ ጫማዬ ጃርቱ ፊት ነኝ፣ እንቅልፌን አባርሬ።
ልጄ ኢዮስያስ ስልኩን “መልሱን ልፈልግልህ” ብሎ መዘዘ፤
ዓለምን የዋጠ ስልክ፣ ጃርቱን አያውቀው ኖሮ ፈዘዘ።
አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ እኔ ያለሁበት ሶፋ ላይ አይቀመጥም፤
ያን ማታ ተቀመጠ። ተኛ ብለው አልሰማኝም።

ደብተሩ የሒሳብ ነው፣ ባለ ካሬ፤ እያንዳንዱ ገጽ አንድ ክፍል፤
የእርሳሱ ቀስት እንደ ጉንዳን መንገድ ሲጠማዘዝ፣ ሲዋልል።
ግን እንዲሁ አልገልጠውም። እንቆቅልህ ነው፤ ደንብ አለው፤
ያቃተው ሰው አገር ይስጥ፤ መልሱን ያኔ ይስማው።
ሃያ ሦስተኛው ላይ ተሸንፌ ብራንደንን ሰጠሁ፤
ሠላሳኛው ላይ ሬጃይናን፣ ከነስንዴዋ አስረከብኩ፤
አርባኛው ላይ “ምን ቀረን?” አልኩት፤ “ተንደር ቤይ” አለ፤ ሰጠን፤
ሐይቁን ግን እንቢ ብሎ ተሟገተኝ፤ ሐይቁን አስቀረን።

አርባ ሰባተኛው ገጽ ባዶ ነው።
ካሬው ብቻ። እርሳስ ያልነካው።
ከሽፋኑ ጀርባ ስም፦ ስቴፋ ክሪሹክ፤ ከሥሩ የስልክ ቁጥር፣
ሰባት አኃዝ ብቻ፣ ያኔ ሰፈር ለሰፈር ሲደወል የነበር።
ሁለት መቶ አራትን ከፊቱ ቀጥዬ ሞከርኩ።
ሦስቴ ጠራ። “ሄሎ?” ሲባል ደነገጥኩ።

“ጃርቱ!” አለች፤ ሳቋ ሳል አስከትሎ፤
“የወንድሜ ልጅ ነው የጣላት፣ ምድር ቤቱን ልጥረግ ብሎ።”
“እንግዲህ አርባ ሰባት ላይ ቆሙ” አልኳት፣ እያዘንኩ።
“ማን ቆመ? ሰማንያውንም ፈታሁ!
እጄ ነው የታከተው፤ መጻፉን ነው የተውኩ።
ልንገርህ? መጀመሪያ የትኛው ጡብ እንደሚረገጥ?”

ኢዮስያስ አየኝ። በልቤ የሰጠሁትን ቆጠርኩ፤
ብራንደን የለም፤ ሬጃይና የለም፤ የቀረችኝ ይቺው ናት፤
ሁለት ወንዝ የሚገጥምባት፣ ጋራዤ፣ የልጄ ትምህርት ቤት ያለባት፣
ብርዱን ሁሉ ያለ ጓንት የተወጣሁባት።
“አይሆንም፣ ወይዘሮ ስቴፋ” አልኳት፣ “አይንገሩኝ፤
አገር አልሰጥም፤ ገና ነኝ።”

ውጭ በረዶ ጠራጊው መጣ፤ ቢጫ መብራቱ ግድግዳው ላይ ዞረ፤
ልጄ በጣቱ፣ ላቦት በያዘው መስኮት፣ መንገዱን እየሳለ ቀረ።
“አባ፣ ከጥጉ ነው የሚጀምረው” አለ፤ ቀጥሎ ግን ተጠራጠረ።
መኪናው ዞሮ መጥቶ፣ የጠረገውን ደግሞ ጠረገ፤ ሳቅን።
ጃርቱ ቁጭ ብሎ ያየናል።