የራምታ ነኝ

ኤትሩስካውያን ለሙታናቸው ለጋሶች ነበሩ፤
ከዓለት ፈልፍለው ቤት ሠሩ፣
የድንጋይ አልጋ፣ የድንጋይ ትራስ፣ ቀለም የጠጣ ግድግዳ አኖሩ።
እነርሱ ግን በጭቃ፣ በእንጨት ኖሩ፤
እሳት ሲመጣ፣ ዝናብ ሲመጣ አልቀሩ።

እኛ የምንቆፍረው የሕያዋኑን ነው፣ ከወይራው ሥር፣
ከጣት የማይበልጥ ብሩሽ ይዘን፣ አፈርን ከአፈር ስንለይ፣ ስንመረምር።
ወርቅ የለውም።
የጣሪያ ሸክላ ስብርባሪ፣ የምሰሶ ጉድጓድ ጥላ፣
ጠቆር ያለ አፈር፣ እሳት የበላ፣
የበግ አጥንት፣ ጥርስ የጋጠው፣
ጥቁር ዋንጫ፣ እጀታው የወለቀው።
ማታ ብንታጠብም ታጥበን አንጠራም፤
ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ከጥፍር ሥር አይወጣም።

ሲመሽ ይመጣል የመሬቱ ጌታ፣
ኡልዴሪኮ፣ ውሻው ከኋላው፣ ከእኛ ጋር ሊጫወት ላንድ አፍታ።
«አባቴ እዚህ አርሷል፤ ማረሻው ሸክላ ባነሣ ቁጥር ይራገም ነበር፣
እየለቀመ ይወረውረዋል ወደ አጥር።»
ይላል፤ ይስቃል፤ ሳቁ መሐል ላይ ይደርቃል።
ወይን በሚገረዝበት ወራት ሴቲሚያን ቀብሯል።
ዘንድሮ ሸሚዙ ላይ አንድ ቁልፍ ጎድሏል።

ሐሙስ ዕለት፣ ምድጃው አጠገብ፣ ፎስካ ድንገት ዝም አለች፤
(እሷ ዝም ካለች አፈሩ ተናግሯል ማለት ነው።) አንዲት ሸክላ አነሣች፦
ጡጫ የምታህል፣ አናቷ የተበሳ፣
ድር ወጥራ የምትይዝ፣ የሽመና ዕቃ፣ ከአመድ የተነሣ።
ሆዷ ላይ፣ ገና ጭቃ ሳለች፣ በስንጥር የተጫረ ጽሑፍ፣
ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄድ፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ።

ፊደሉን እናውቀዋለን። ቋንቋውን ግን፣
ንባብ ዘልቆ ትርጓሜ እንዳልተከፈተለት ተማሪ ነን።
«ሚ ራምታስ» ብላ አነበበች። «እኔ የራምታ ነኝ።»
ቀጥሎ አምስት ፊደል አለ፤ አምስቱንም በየተራ ጠራቻቸው፤
ድምፅ አላቸው፤ ፈቺ የላቸው።

ኡልዴሪኮ ጠጋ አለ። «ራምታ ማን ናት?»
«አናውቅም።»
«ይቺስ፣ የመጨረሻዋ ቃል?»
«እሷንም።»
«ታዲያ የምታውቁት ምንድን ነው?»
«ዕቃው የእርሷ እንደነበረ ነው።»
ራሱን ነቀነቀ፤ ሸክላዋን በመዳፉ መዘናት፤
ድሩን ትታልን ማጉን ይዛ የሄደች ሴት።

በወሩ መጨረሻ ጉድጓዱ ተመልሶ ይደፈናል፤
የተገለጠ ይፈርሳል፣ የተሸፈነ ይቆያል።
ነጭ ጨርቅ አነጠፍን፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፤
ምድጃው ጋ ስንደርስ አለቀ፤ የቀረው የሁለት ክንድ ዕዳ።
በቲሬኒያ ባሕር በኩል ደመና ጠቆረ።
ኡልዴሪኮ ምንም አልተናገረ፤
ወደ ቤቱ ሄደ፣ መጣ፣ በብብቱ አንሶላ ይዞ፣
የተልባ እግር፣ በመታጠብ ብዛት ፈዝዞ፤
ጥጉ ላይ ሁለት ፊደል፣ በቀይ ክር የተጠለፈ፣
የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሽራ እጅ፤ አንዱ ፊደል ትንሽ የተንሻፈፈ።

«ደንቡ አይፈቅድም» አለች ፎስካ።
ከዚያ ተንበርክካ አንዱን ጫፍ ያዘች።
አመዱ ላይ ዘረጉት፤ ውሻውን በክርኗ ገፋች፤
መዝገቧን ገልጣ ጻፈች፦
«ንብብር ዘጠኝ። አንሶላ፣ አንድ። ቀይ ፊደል፣ ሁለት።
ባለቤት፦»
እዚህ ላይ እጇ ቆመ፤ ቀና ብላ አየችው።

ኮፍያውን አወለቀ።
«ሚ» አላት። «እኔ የሴቲሚያ ነኝ።»

ጠብታ ወረቀቱ ላይ አረፈ።
አካፋ አነሣን።