ሃያ ሦስት ቁጥር

ሃንኮ ላይ በሐምሌ ጨለማ አይመጣም፤
ከወደቡ አፋፍ ሰው ሌሊት አይታጣም።
ፀሐይዋ ባሕር ጫፍ ተንበርክካ ታድራለች፤
ድመት እንኳ ጥላዋን ፍለጋ ትዞራለች።

በዚያች ነጭ ሌሊት ሃያ ጀልባ ታስሮ፣
አንዱ የአንዱ ግልባጭ፣ በአንድ ልክ ተቀምሮ፣
ከአንድ ንድፍ ተቀድቶ፣ በአንድ ቁና ተሰፍሮ፤
ያው የምሰሶ ቁመት፣ ያው ሸራ፣ ያው ክብደት።
ደንቡ ጥቂት ቃል ነው፦ እንጨት አይመካ፤
ኪስ ሸራን አይግፋ፤ እጅ ብቻ ይለካ።

"ሃይ" ይባላል ዘሩ፤ ሻርክ ነው በኛ አፍ፤
ጥርስ አላበቀለም ከጅራት እስከ ጫፍ።

የኔዋን አባቴ ቶርስቲ ነው የሠራት፣
በክረምት፣ በጎተራ፣ ፋኖስ እያበራት፣
ሺህ የመዳብ ሚስማር በጣቱ ቆጥሮላት።
እኔ ልጅ ነበርሁኝ፤ ከሆዷ ገብቼ
ለመዶሻው ምላሽ ብረት አስጠግቼ፤
እሱ ከውጭ ሆኖ፣ እኔ ከውስጥ ታጥሬ፣
ፊቱን ሳላይ ከረምሁ፣ ምቱን ቆጥሬ ቆጥሬ።

ከዚያ ሠላሳ አንድ በጋ መሪዋን ጨብጬ፣
ከጭኗ ላይ አለሁ እንደ ልጅ ተቀምጬ።
አሸነፍሁ። ደጋግሜ።
ወሬውም አብሮ አደገ፦
"ሴትዮዋ ሳትሆን ጀልባዋ ናት" ተባለ፤
"ቶርስቲ ከንድፉ ላይ አንድ ፀጉር ነጥቋል" ተባለ።
ለካኪ መጣና ሜትሩን ወረወረ፣
ሚዛን ላይ ሰቀላት፣ ደብተሩ ላይ ጫረ፤
ከእኅቶቿ ሁሉ ሦስት ኪሎ ጨመረ!
(ባሕር ነው መቼም፣
በዕድሜዋ የጠጣችው።)

ወደቡ ሁሉ ሳቀ። ኤስኪል ግን አልሳቀም፣
የጥርስ ሐኪም ነው፣ አፍ መክፈት አያበዛም።
"እንለዋወጥ" አለ፤ "ነገ አንድ ዙር እንሂድ፤
እጅ ይሁን እንጨቱ፣ ነፋሱ ይፍረድ።"
እምቢታ አስቤ ነው፤ እሺታ አመለጠኝ፤
በዚያ ብርሃን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝ።

ጠዋት የሱን ያዝሁኝ፣ ያቺን ዘጠኝ ቁጥር፣
ገመዷ የሚነጭ፣ ሆዷ ውሃ የሚቋጥር።
ተኩስ ተተኮሰ። ሃይ ባይ ያጣ ነፋስ
ሃያውን "ሃይ" ሁሉ ባንድ ላይ ሲያምስ፣
ትከሻ ለትከሻ እስከ ቀዩ በርሜል፤
እዚያ ስንታጠፍ ቀደመኝ ኤስኪል፤
ሃያ ሦስት ቁጥር ከፊቴ አለፈች።

አየኋት።

ሠላሳ አንድ ዓመት ውስጧ ኖሬ ሳለሁ
ከውጭ ስትሄድ ግን መቼ አይቻት አውቃለሁ?
ጎኗን አጋድማ፣ ብርሃን ጠጥታ፣
ማር የቀባት መስላ ከማዕበል ወጥታ፣
ያባቴ መዶሻ ያንኳኳው ሳንቃ ሁሉ
ከአፍንጫ እስከ ጅራት ሲታጠፍ በውሉ።
ለካ ይቺን ነበር ከውጭ የሚያያት፣
እኔ ከጨለማው ብረት ስይዝላት!

ገመዱን ረሳሁት። ሸራው ተንጫጫብኝ።
ቬይኮ ከፊት ሆኖ "ሂሌቪ!" ሲል ጮኸብኝ።
አንድ ጀልባ አለፈን፤ ሁለተኛው ደገመ፤
የማን እንደ ነበሩ ዓይኔ መች አስታወሰ።
ስድስተኛ ገባሁ።

ወደቡ ላይ ጭቅጭቅ፦ እኩሌታው "እንጨቱ!"
እኩሌታው "እጁ ነው!" ሲል እየተሟገተ፣
አንደኛ የወጣው ሰው ዝም ብሎ መጣና
አጠገቤ ቆመ፣ ባሕር እየራሰው።
"ጥርስ የላትም ያለው ማነው?" አለ ቀስ ብሎ።
መዳፉን አሳየኝ፤ ገመድ ልጦት አለው።
"እሑድም ንዳት" አልሁት፤ ያበድሁ መሰለው።